ከታደገ ጎን የተቀበረው ባልዲ

እታፈራሁ ሰሊጥ አበጣሪ ናት። ሸሕዲ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደርድራ ትቀመጥና ከእርሻ የመጣውን ሰሊጥ በወንፊት ትነፋለች፣ በሰፌድ ታነፍሳለች። ጠጠሩ፣ ጭራሮውና የአረሙ ፍሬ ለብቻው፣ ንጹሑ ለብቻው። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ስለሆነ ላላወቀው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ወገብና ዓይን ግን ይበላል። እሷ ደግሞ ከእጇ በወጣ ሰሊጥ ላይ አንዲት ባዕድ ፍሬ እንኳ እንድትገኝ አትፈልግምና ዘወትር ከባልንጀሮቿ ሁሉ ኋላ ነው የምትነሳ።

ከደንቢያ ወደዚህ ቆላ የወረደችው ታደገን አግብታ ነበር። ታደገ ትራክተር ነጂ ነበረ። እግዜር ልጅ ሳይሰጣቸው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ድንገት ታሞ ሞተባት። የቀሯት ዘመድ የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ጎሹ ናቸው። አያ ጎሹ ረዥም፣ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የጎደላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጣቶቹን የቆረጣቸው በጉብዝናቸው ጊዜ ይሠሩበት የነበረ የማሽላ መውቂያ ማሽን ነው። የዚያን ዕለት አባታቸው ጣቶቹን ከገለባው ውስጥ ፈልገው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቀበሩላቸው። አያ ጎሹ ይህን ለሰው ሁሉ ይናገራሉ። "በትንሣኤ ቀን ጣቴን ስፈልግ አልውልም፤ ያለበትን አውቀዋለሁ" ይላሉ።

ታደገ ሲሞት የእታፈራሁን ቤት ቆርቆሮ ያለበሱላት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከደጇ ያለውን ቦይ የሚጠርጉላት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በፊታቸው ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም። እሳቸው ያሉት ይሆናል፣ እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እሺ ትላለች።

ድካሙ የጀመራት ባለፈው የሰሊጥ መኸር ነው። ማንም አልደነገጠም። ቆላ ነው፤ እዚህ አገር የደከመው ሁሉ ወባ ይባላል። የወባ ክኒን ዋጠች። ደም አነሰሽ ተባለች፣ የአሜባም ተሰጣት። ሆዷ በቀኝ በኩል እየተነፋ፣ ሰውነቷ እንደ ሰም እየቀለጠ ሄደ። ነገሩን መጀመሪያ የነቃችበት ከጎኗ የምትቀመጠው ዘሀቢያ ናት። ዘሀቢያ መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳን በሚመጣ ሳሙናና ሽቶ ትነግድ የነበረች፣ ማዶ ጦርነቱ ተነስቶ ገበያው ሲቀዘቅዝ ወንፊት ያነሳች ሴት ናት። አፏ አያርፍም፤ ልቧ ግን እንደ አፏ አይደለም።

"ወላሂ፣ አንድ ወንፊት ስታነሺ ሁለቴ የምታርፊ ሆነሻል" አለቻት አንድ ቀን። "ጎንደር አልሄድም ካልሽ ተሸክሜሽ እሄዳለሁ። አሁን እንደሆን ክብደትሽ ሩብ ጆንያ ነው።"

ሄዱ። ጎንደር ውስጥ አንድ የግል ሆስፒታል በቀጭን የካሜራ ቱቦ አንጀቷን አየላትና ከትልቁ አንጀት በቀኙ በኩል እባጭ አገኘ። ከላዩ ቅንጣት ተወስዶ ሲመረመር ካንሰር ሆነ። በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት ተባለ። አያ ጎሹ በሬ ሸጠው መጡ፤ ዘሀቢያ አስታማሚ ሆነች። ቀዶ ጥገናው እንዳለቀ ሐኪሙ ወደ በሩ ወጥቶ፣ እባጩ ከነአንጀቱ ቁራጭ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ብሎ አበሰራቸው። ሆስፒታሉ የቁራጭ ሥጋ መመርመሪያ ስላልነበረው፣ ነርሷ ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ከወረቀት ጋር ለአያ ጎሹ አስረከበቻቸው። እዚያው ከተማ፣ ማዶ ሰፈር ወዳለው ምርመራ ቤት እንዲያደርሱት፣ ክዳኑንም እንዳይከፍቱ፣ ቁራጩ የተነከረበት ፈሳሽ መርዝ መሆኑን ነገረቻቸው። አያ ጎሹ ባልዲውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወጡ።

እታፈራሁ ስትነቃ ስለ ባልዲው የምታውቀው ነገር አልነበረም። ከሆስፒታል በወጣች ዕለት ግን ሐኪሙ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አስረዳት። በዓይን የሚታየውን አውጥቷል፤ በዓይን የማይታየው ደግሞ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ነው። እባጩ የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቆ እንደሄደ፣ ከሥሩ ስብ ውስጥ ወደተደበቁት ትናንሽ ዕጢዎች ገብቶ እንደሆነ፣ የሚታወቀው በባልዲ ለአያ ጎሹ የተሰጠው ቁራጭ ሲመረመር ነው። ገብቶ ከሆነ ከባድ መድኃኒት መውሰድ ይኖርባታል። ካልገባ በክትትል ብቻ ትኖራለች። መድኃኒቱ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ሁለት ወር ሳይሞላ ቢጀመር ይመረጣል፤ ብዙ ከዘገየ ጥቅሙ ይቀንሳል። "ውጤቱን ሳላይ አንቺን በግምት ማከም አልፈልግም" አላት። ቃሉን አንድ በአንድ ያዘችው።

ሸሕዲ ተመልሳ ቁስሏ መጠገግ ሲጀምር፣ አያ ጎሹ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቋት መጡ። የቀጠሮዋ ቀን ተቃርቦ ነበር።

"አያ ጎሹ፣ ለዚያ ባልዲ ምን ውጤት ሰጡን?" አለቻቸው።

"አታስቢ፤ አስቀምጬልሻለሁ።"

"ወረቀቱን?"

"ባልዲውን።"

"የት?"

አያ ጎሹ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መልሰው አኖሩት። "ከታደገ ጎን" አሉ።

እታፈራሁ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ከተደገፈችበት ቀና አለች። አያ ጎሹ ግን በክፋት አላደረጉትም። ካንሰር መሆኑ ታውቋል፣ ሐኪሙም ከነሥሩ ወጥቷል ብሏል። የወጣ እሾህ ደግሞ ምን ተብሎ ይጠየቃል? የሰው ሥጋ በማያውቁት ሰፈር፣ ማን እንደሚቆራርጠው ሳይታወቅ ከሚቀር ወደ ወገኑ መመለስ አለበት ብለው አሰቡ። ባልዲውን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትተው፣ በአውቶቡስ እግራቸው መሐል አስቀምጠው ሸሕዲ አመጡት። ረዳቱ ማር ነው ወይ ቢላቸው የዘመድ ነው ብለው አለፉት። ከዚያም ለማንም ሳይናገሩ ከወንድማቸው መቃብር ጎን፣ ለእሷ በልባቸው በያዙላት ቦታ ላይ ቀበሩት። እንደ አባታቸው ነበር ያደረጉት። ለጣቶቻቸው የተደረገውን ክብር ለእሷም አደረጉላት።

ዘሀቢያ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። "ኸላስ፣ አበቃ፤ እታፈራሁ ተቀብራለች" አለች። "አያ ጎሹ፣ ተዝካሩን መቼ ነው የሚያበሉን?"

እታፈራሁ ሳቅ መጣባት፤ ቁስሏን በመዳፏ ደግፋ ዋጠችው። ሳቁ ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ያላት ሁሉ ተመልሶ መጣ። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች።

"አያ ጎሹ፣ እስከ ዛሬ ያሉኝን ሁሉ እሺ ብያለሁ። ይችን ግን እንቢ። እኔ ገና አልሞትሁም፤ ቁራጬም የሚናገረው ነገር አለው። ያውጡልኝ።"

አያ ጎሹ ከቤቷ እንቢ የሚል ቃል ሰምተው ስለማያውቁ ጥቂት ተደናገሩ። የተቀበረ አይወጣም አሉ። ያውም ባዶ የቀረ ጉድጓድ ሰው ይጠራል፤ ይህን አባቶች የተናገሩት ነው አሉ።

"ከእኔ ሌላ ማንን ሊጠራ ነው?" አለች። "እኔን ከሆነ ቀድሞም እየጠራኝ ነው።"

በማግስቱ ጧት፣ ፀሐዩ ሳይከርር፣ ዘሀቢያን ተደግፋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ዘሀቢያ በሩ ላይ ቀረች። ቄስ ደረበ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ እታፈራሁ መስቀል ተሳልማ ታሪኩን ነገረቻቸው። አያ ጎሹም ከኋላ ደርሰው የራሳቸውን ተናገሩ። ቄስ ደረበ ሁለቱንም ሰምተው ፍትሐት ተደርጎለት እንደሆነ ጠየቁ። አልተደረገለትም።

"እኔ ይህን ያህል ዘመን ስቀብር፣ የተቀበረው ሰው ቆሞ ሲከሰኝ አላየሁም" አሉ ቄስ ደረበ። "የሚቀበረው የሞተ ነው ጎሹ። ይችማ ታማለች። ሂድና አውጣላት።"

አያ ጎሹ ሌላ ሰው አላስቆፈሩም። በስምንት ጣታቸው አካፋውን ይዘው ራሳቸው ቆፈሩ። አፈሩ ጥቁር፣ በጋውን ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወደ ታች ሲሄድ ግን ቀዝቀዝ ይላል። ባልዲው ወጣ። ክዳኑ ላይ ያለው ፕላስተር አልተነካም፤ ሲያነሱት ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንቦጫረቀ። እታፈራሁ በነጠላዋ ጫፍ አፈሩን ጠረገችለት። በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ርሶ ቢያረጅም ስሟ ይነበባል። ከጎን የታደገ መቃብር አለ። ወደ እሱ ዞር አለችና በልቧ፣ ግማሼን ተቀብለህልኝ ነበር፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ መልሼ ወሰድሁብህ አለችው።

ችግሩ በዚያ አላበቃም። በዚያው ሰሞን የጎንደር መንገድ ተዘጋ። መኪና የለም፣ መቼ እንደሚከፈትም የሚያውቅ የለም። እታፈራሁ ባልዲውን አልጋዋ ሥር አድርጋ፣ ሙቀቱ እንዳያበላሸው በረጠበ ጆንያ ጠቀለለችው፤ ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ ታርከፈክፍበታለች። ዘሀቢያ ስትመጣ አልጋው ሥር አጎንብሳ "እንዴት አደርሽ ታናሿ እታፈራሁ?" ትላለች። እታፈራሁ ግን በየጧቱ መናኸሪያ ትወጣለች። ረዳቶቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ራሳቸውን ይነቀንቁላታል፤ እሷም በማግስቱ ትመለሳለች። መንገዱ የተከፈተ ዕለት የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ የተሳፈሩት እሷና አያ ጎሹ ናቸው። ባልዲው እንደ በፊቱ እግራቸው መሐል ነው።

ረዳቱ ያው የቀድሞው ሆነ። "አያ፣ ማሩን መልሰው ይዘውት ሄዱ? አልተሸጠም እንዴ?" አላቸው።

"ባለቤቲቱ አልሸጥም አለች" አሉት።

በምርመራ ቤቱ የተቀበለቻቸው ዶክተር ሉሊት የተባለች፣ ቀጠን ያለች ወጣት ሐኪም ናት። በወረቀቱ ላይ የቀዶ ጥገናውን ቀን አይታ እስከ አሁን የት እንደነበረ ጠየቀች። አያ ጎሹ መሬት መሬት አዩ። እታፈራሁ ቀደም ብላ "ትንሽ አርፎ ነበር" አለች። ሐኪሟ ወደ ሁለቱም ተመለከተችና ሌላ አልጠየቀችም። ጓንቷን አጥልቃ ባልዲውን ከፈተች። ፈሳሹ ሳይጎድል በመቆየቱ ሥጋው እንዳልበሰበሰ፣ ምርመራውም እንደሚቻል ነገረቻቸው። አያ ጎሹ ያን ጊዜ ነው ትንፋሻቸውን ያወጡት።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እታፈራሁ ልታውቅ ፈለገች፤ ዶክተር ሉሊትም አልሰለቻትም። አስቀድማ በአንጀቱ ሥር ያለውን ስብ በጣቶቿ እየዳበሰች እንደ ምስር ያሉትን ዕጢዎች ታወጣለች። ቢያንስ አሥራ ሁለት ማግኘት አለባት። ሦስት አራት ብቻ አግኝታ ንጹሕ ናቸው ብትል ያልታየው ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? እታፈራሁ ራሷን ነቀነቀች። መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ገዥ ሲመጣ ጆንያዎቹን በሹል ቱቦ እየወጋ የሚያይበትን ታውቀዋለች። በር ላይ ያለውን አንዱን ወግቶ ሙሉውን መኪና ንጹሕ ነው የሚል ገዥ አይታ አታውቅም።

ሳምንት ያህል ጎንደር፣ የአያ ጎሹ የአክስት ልጅ ቤት ቆዩ። ውጤቱ ሲደርስ እታፈራሁ ወረቀቱን ብቻ ተቀብላ መሄድ አልፈለገችም። ማየት እንደምትፈልግ በዝቅተኛ ድምፅዋ ተናገረች። ዶክተር ሉሊት ለማስተማሪያ በሚሆን፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ በሚያይበት አጉሊ መነጽር ፊት አስቀመጠቻት። ቁራጩ በሰም ተይዞ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ይልቅ ስስ ሆኖ ተቆርጦ፣ በቀለም ተነክሮ መስታወት ላይ ተለጥፏል። ሐምራዊና ሮዝ ነው። የእኔ ውስጥ እንዲህ ያምራል እንዴ ብላ ተገረመች።

"ይህ ጤነኛው ነው" አለች ዶክተር ሉሊት። "ቀለበት ቀለበት ሆኖ ተሰልፎ ይታይዎታል? አሁን ደግሞ ወዲህ ልውሰድዎ።"

ሥዕሉ ሸሸ። ቀለበቶቹ ተጣመሙ፣ ተፈራረሱ። ካንሰሩ የአንጀቱን ሥጋ አልፎ ስቡ ድረስ ዘልቋል። ከዚያ ደግሞ ሐኪሟ ካንሰሩ ወደፊት በሚገፋበት ጠርዝ ላይ አቆመቻት። እዚያ ጥቂት ጥቂት ሕዋሶች፣ አንዳንዱ ብቻውን፣ አንዳንዱ ሦስት አራት ሆኖ፣ ከዋናው ተለይቶ ወጥቷል። እታፈራሁ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻቸው። ሰሊጥ ከነዶው ሳይራገፍ አፉን ከፍቶ የሚያፈሰውን ፍሬ መሰላት፤ መሬት ከነካ በኋላ የሚለቅመው የለም።

"እነዚህ ተለይተው የወጡት ምንድን ናቸው?"

"ጠባዩን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። በብዛት ሲታዩ ካንሰሩ መሄድ የሚወድ ነው ማለት ነው።"

ሌላውንም አልደበቀቻትም። ካንሰሩ አንዲት ትንሽ የደም ሥር ውስጥ ገብቶ ታይቷል። ዕጢዎቹ ከሚፈለገው በላይ ተገኝተዋል፤ ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ተይዘዋል። ደግ ነገርም አለ። የተቆረጠበት ጫፍና ዙሪያው ንጹሕ ነው፤ ሐኪሙ ምንም አላስቀረም። ደግሞ በእባጩ ዙሪያ እንደ ጥቁር ነጥብ ጥቅጥቅ ብለው የከበቡት የእሷው የሰውነት ወታደሮች ናቸው። እንዲህ ተሰብስበው የሚገኙበት ሰው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሆንለታል።

"እኔ ሳላውቅ ሲዋጉልኝ ነበራ" አለች እታፈራሁ። ከዚያ የፈራችውን ጠየቀች። "እኖራለሁ?"

"ስንት ዓመት እንደሚኖሩ ማንም ከዚህ መስታወት ላይ አያነብም እናቴ። እኔ ማንበብ የምችለው ዝም ካልነው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን ነው። መድኃኒቱን ከወሰዱ ዕድሉ ይቀንሳል። ይህን ሐኪምዎ በውጤቱ አይቶ ይወስናል።"

ሐኪሙም ውጤቱን አይቶ ወሰነ። በየሦስት ሳምንቱ ጎንደር እየመጣች ለተወሰኑ ወራት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሁለቱ ወር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበርና የመጀመሪያውን በሚቀጥለው ሰኞ እንድትጀምር ቀጠራት።

በመልሱ መንገድ፣ አይከል ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አያ ጎሹ፣ ሰዎች መድኃኒቱ ራሱ ያወላግዳል ይላሉ፣ እጅና እግር ያደነዝዛል ይላሉ፣ መንገዱም እንደምታይው ነው አሉ። እሷም ሰምቻለሁ አለች። መንገዱ ቢዘጋ ከቀኑ ቀደም ብላ ወጥታ ጎንደር ትቆያለች። እጇ ቢደነዝዝ ወንፊቱን ዘሀቢያ ትይዝላታለች። ይህን ሁሉ በመስኮት በኩል እያየች ስትመጣ ጨርሳው ነበር።

ሸሕዲ ሲገቡ ወደ ቤት አልሄደችም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀናች። አያ ጎሹ ተከተሏት። ከታደገ ጎን ያለው ጉድጓድ እንደተከፈተ ነው። አያ ጎሹ ቁራጩ ተመርምሮ ሲመለስ መልሰው ሊቀብሩት ብለው ነበር የተዉት። እታፈራሁ ግን ለዶክተር ሉሊት ሌላ ቃል ሰጥታ መጥታለች። ቀሪው ሥጋና መስታወቱ ምርመራ ቤቱ ዘንድ ይቆያል፤ ምናልባት አንድ ቀን እንደገና የሚጠይቁት ነገር ይኖር ይሆናል።

አካፋው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። አነሳችውና አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መለሰች። ሁለተኛውን ስታነሳ ቁስሏ ጎተታት፤ ጥርሷን ነክሳ ሦስተኛውን ጨመረች። አያ ጎሹ መጥተው አካፋውን ከእጇ ወሰዱ። ስፌቱን ልትበጥሽው ነው ብለው ተቆጧት፤ ግን ራሳቸው ሞሉት። ሲጨርሱ በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

"ቦታው ግን ያው የአንቺ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ማንም እንዳይነካብሽ እናገራለሁ።"

"ይሁንልኝ አያ ጎሹ። ማን ይወስድብኛል? ግን ስመጣ ሙሉዬን ነው የምመጣ፤ እስከዚያው ተዘግቶ ይቆየኝ።"

አያ ጎሹ ጎደሎ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና "እንግዲያው ሰኞ ስንት ሰዓት ነው መኪናው?" አሉ።

"ሊነጋጋ ሲል" አለች። "ቀድመው ይድረሱ፤ አልጠብቅዎትም።"